ፈር መያዝና ፈር ማስያዝ፤ ስለ አንድ የሥነ ሕይወት ቃል አተረጓጎም

የዘአካላትን ዕድገት በሚያጠናው የሥነ ሕይወት ዘርፍ «ካናላይዜሽን» የሚባል ቃል አለ። ይህን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ በመጀመሪያ የሚመጣለት «ቦይ» ነው፤ የቃሉ መነሻ «ካናሊስ» የተባለው የላቲን ቃል ነውና። እኛ ግን ከቃሉ ሥር ከመነሣት ይልቅ ከነገሩ መነሣት ይሻላል ብለን ስለምናምን፣ አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እናስረዳለን፤ ከዚያም ወደ ስያሜው እንመለሳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የአይጥ አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት። የቀጭኔም አንገት፣ ያን ያህል ረዝሞ ሳለ፣ አጥንቶቹ ሰባት ናቸው። ከአጥቢ እንስሳት መካከል ከዚህ ቁጥር የወጡት ስሎዝና ማናቲ የሚባሉት ብቻ ናቸው ለማለት ይቻላል። በቤተ ሙከራ ዘወትር የምትጠናው የፍራፍሬ ዝንብ በጀርባዋ ጋሻ ላይ አራት ትልልቅ ፀጉሮች አሏት፤ ሺህ ዝንቦች ቢቆጠሩ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አራት አራት ናቸው። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ሲኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ የተባለች ትል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ታስደንቃለች። የመራቢያ ሕዋሶቿ ሳይቆጠሩ፣ ሁለቱንም ጾታ አጣምሮ የያዘው ዓይነት ጎልማሳ ትል አካል 959 ሕዋሶች ሲኖሩት፣ ከእነዚህም 302ቱ የነርቭ ሕዋሶች ናቸው። ጆን ሰልስተንና ባልደረቦቹ እያንዳንዱ ሕዋስ ከየትኛው ሕዋስ እንደ ተከፈለ በማይክሮስኮፕ ተከታትለው የሽሉን ሙሉ የትውልድ ሐረግ በ1983 አሳትመዋል። ይህን ለማድረግ የቻሉት ሐረጉ ከአንዱ ትል ወደ ሌላው እምብዛም ስለማይለወጥ ነው።

ይህ ጽናት እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም። ምክንያቱም ዘአካሉ የሚገነባባቸው ነገሮች ሁሉ ይለዋወጣሉ። ከአንድ ዝርያ የሆኑ ሁለት ዝንቦች በብዙ በራሂዎች ይለያያሉ፤ አንዷ በሞቃት፣ ሌላዋ በቀዝቃዛ ቦታ ታድጋለች፤ አንዷ ጠግባ፣ ሌላዋ ተርባ ትኖራለች። ሁለቱ በበራሂም በአካባቢም አንድ ቢሆኑ እንኳ፣ በሕዋስ ውስጥ የሚገኙት የአንዳንድ ሞለኪውሎች ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ብዛታቸው በዘፈቀደ ከፍና ዝቅ ይላል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ በኋላ የፀጉሩ ቁጥር አራት፣ የአንገቱ አጥንት ሰባት ሆኖ የሚገኘው እንዴት ነው? ሃንስ ድሪሽ የተባለው ጀርመናዊ በ1891 ሁለት ሕዋስ ብቻ የሆነውን የባሕር ጃርት ሽል ለሁለት ሲለያየው፣ ሁለት ግማሽ እጮች ሳይሆን፣ መጠናቸው ያነሰ ሁለት ሙሉ እጮች አገኘ። ግማሹ ሲጎድል ቀሪው ጉድለቱን አስተካክሎ ወደዚያው መድረሻ ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ኮንራድ ሃል ዋዲንግተን ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው በ1942 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ነው። በ1957 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ ሐሳቡን በሥዕል ገለጸው። በሥዕሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ተዳፋት መሬት አለ፤ መሬቱ በሸለቆዎች ተከፋፍሏል፤ ከአናቱ ላይ አንዲት ኳስ ልትንከባለል ተዘጋጅታለች። ኳሷ በማደግ ላይ ያለ ሕዋስ ናት። ነፋስ ወደ ጎን ቢገፋት ትንሽ የሸለቆውን ግድግዳ ትወጣና ተመልሳ ወደ ሸለቆው ወለል ትገባለች። ሸለቆው በጠለቀ መጠን ከመንገዷ ማስወጣት ይከብዳል። የመሬቱ ቅርጽ ከሥር በገመዶች ተወጥሮ የተያዘ ነው፤ ገመዶቹ የታሰሩባቸው ችካሎች በራሂዎቹ ሲሆኑ፣ ገመዶቹ ደግሞ በራሂዎቹ የሚያስገኟቸው ኬሚካላዊ ዝንባሌዎች ናቸው፤ አንዱ ገመድ ቢላላ ሌሎቹ ስለሚይዙት መሬቱ ብዙ አይለወጥም። በዚያው ዘመን ኢቫን ሽማልጋውዘን በሶቪየት ኅብረት ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር፤ የ1946 መጽሐፉም በ1949 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ሁለት ሰዎች በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ማየታቸው ለቃል አውጪ ጠቃሚ ነው፤ ነገሩ ከአንድ ቋንቋ ምሳሌያዊ አነጋገር ጋር ብቻ የተሳሰረ አለመሆኑን ያሳያልና።

ከመተርጎማችን በፊት አንድ ማስረጃ እንጨምር። ከላይ የጠቀስናቸው የዝንቧ አራት ፀጉሮች አንድ የተወሰነ በራሂ ሲጎዳ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ሬንደል የተባለው ተመራማሪ በ1959 ትኩረት የሰጠው ግን ከመቀነሱ ይልቅ ለመዋዠቁ ነው። ጤናማዎቹ ዝንቦች ሁሉም ማለት ይቻላል አራት ሲሆኑ፣ በራሂያቸው የተጎዳው ግን አንዳንዶቹ አንድ፣ አንዳንዶቹ ሁለት፣ አንዳንዶቹ ሦስት፣ አንዳንዶቹም ምንም የላቸውም። እንግዲህ ጤናማዎቹን በአራት ላይ ያቆማቸው በመካከላቸው ልዩነት መጥፋቱ አልነበረም ማለት ነው። ልዩነቱ ቀድሞም ነበረ፤ የማይታየው ስለ ተያዘ ነው። ስያሜያችን ይህን «መያዝ» ማሳየት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ለውይይት የሚቀርቡት «ቦይ»፣ «ሸለቆ»፣ «ፈለግ»፣ «ትልም» እና «ፈር» ናቸው።

«ቦይ» ለምንጩ ቃል የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ቦይ ሰው ውኃ ሊመራበት አስቦ የሚቆፍረው ነው፤ ደግሞም በአማርኛ ከመስኖ ሥራ ውጭ ምሳሌያዊ ሕይወቱ አነስተኛ ነው። «ቦያዊነት» ወይም «ማቦየት» ብለን ብንፈጥር፣ ሥርዓቱን ጠብቆ የተሠራ ነገር ግን ማንም በአፉ የማይለው ቃል እናተርፋለን። «ሸለቆ» ከዋዲንግተን ሥዕል ጋር ይስማማል፤ ዳሩ ግን ከሥዕሉ ሲነጠል ትርጉም አይሰጥም። «የፀጉሩ ቁጥር በሸለቆ ውስጥ ነው» ቢባል ማን ይረዳዋል? «ፈለግ» በግእዝ ወንዝ ሲሆን በአማርኛ ዱካ ሆኗል። ውብ ቃል ነው፤ ሆኖም ፈለግ ቀድሞ የሄደ ሰው የተወው ምልክት በመሆኑ፣ አንዱ ሽል የሌላውን ዱካ ተከትሎ የሚያድግ ያስመስለዋል። «ትልም» የማረሻ መሥመር ነው፤ ዛሬ ግን «ዕቅድ» የሚለውን ትርጉም አጥብቆ ይዟል፤ በሥነ ሕይወት ጽሑፍ ውስጥ ዕቅድን ማስገባት ደግሞ ዐቃጁ ማን ነው የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ተፈጥሯዊ ምርጫ አያቅድም። ስለዚህ «ትልም»ን ከሁሉ በፊት እንተዋለን።

የቀረው «ፈር» ነው። ፈርም እንደ ትልም ከእርሻ የመጣ ቢሆንም፣ የዕቅድ ትርጉም አልያዘም፤ በአንጻሩ በአማርኛ ተናጋሪው አፍ ሙሉ ቤተሰብ መሥርቶ ይኖራል። ነገሩ ፈር ያዘ እንላለን፤ ፈሩን ለቀቀ፣ ፈሩን ሳተ እንላለን፤ ሥራን ፈር ማስያዝ እንላለን፤ ፈር ቀዳጅም አለ። ከእነዚህ ሐረጎች አብዛኛዎቹ ሳይነካኩ ለሙያው ያገለግላሉ። ሳይለወጥ የሚጸናው ባሕርይ «ፈር የያዘ ባሕርይ» ነው። በሬንደል ዝንቦች እንደ ታየው ቁጥሩ መዋዠቅ ሲጀምር፣ ባሕርይው «ፈር ለቀቀ» ማለት ይቻላል። ለዚህ ሁለተኛው ነገር በእንግሊዝኛ በቅድመ ቅጥያ የተሠራ ሌላ ቃል አስፈልጓል፤ እኛ ዘንድ ግን ገበሬውም የሚያውቀው ግስ አለ።

ከዚህም በላይ «ፈር»ን የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ሥነ ቅርጻዊ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ቅጥያ ድርጊትንም የድርጊትንም ውጤት በአንድነት ይሸፍናል። በመሆኑም የሙያው ጽሑፎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ሲጠሩ ይገኛሉ። አንደኛው በአንድ ሽል ዕድሜ ውስጥ፣ በሰዓታትና በቀናት የሚፈጸም ነው፤ ይኸውም ሽሉ እየተገፋም ቢሆን ወደ መንገዱ መመለሱ ነው። ሁለተኛው በብዙ ትውልዶች የሚፈጸም ሲሆን፣ ይኸውም ተፈጥሯዊ ምርጫ ያ መንገድ እንዲጠልቅ ማድረጉ ነው። የእንግሊዝኛው አንባቢ የትኛው እንደ ተባለ ከዐውዱ ይገምታል። አማርኛ ግን «አስ-» የተባለውን አስደራጊ ምዕላድ ስለሚያውቅ መገመት አያስፈልገውም፦ ሽሉ ፈር ይይዛል፤ ምርጫው ፈር ያስይዛል። «የክንፉ ሥሮች አቀማመጥ ፈር ይዟል» ስንል ስለ ዝንቧ መናገራችን ነው፤ «ተፈጥሯዊ ምርጫ የክንፉን ሥሮች አቀማመጥ ፈር አስይዞታል» ስንል ስለ ዝርያዋ ታሪክ መናገራችን ነው። ስለዚህ ለአንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት መግቢያ ቃላት እንዲመዘገቡለት እናቀርባለን፤ ለሂደቱ «ፈር መያዝ»፣ ለአዝጋሚ ለውጡ «ፈር ማስያዝ»። ባሕርይው በስም ብቻ መጠራት ካለበት «ፈር ያዥነት» ይበቃል። ተርጓሚው በየዐረፍተ ነገሩ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ መገደዱም መልካም ነው፤ ደራሲው ራሱ ሳይለይ የተወውን ቦታ ያገኛልና።

በ«ፈር» ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አንሸሽግም። በተራው አነጋገር ፈር መያዝ በጎ ነገር፣ ፈር መልቀቅ ነውር ነው። «ፈሩን የለቀቀ ልጅ» ምን ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። በሳይንሱ ግን ፈር መልቀቅ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ ቀጥለን እንደምናየው የአዲስ ባሕርይ መነሻ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉድለት በፍቺው ውስጥ በአንድ ሐረግ ሊታረም የሚችል በመሆኑ ስያሜውን ለመተው አያበቃም እንላለን።

ይልቅስ ከባዱ ስሕተት የሚሠራው በሌላ ቃል ላይ ነው፤ እርሱም «ዘር» ነው። ከላይ «በራሂ» እያልን የመጣነው በልማድ ጂን የሚባለውን ነው። አንዳንድ ጽሑፎች «ዘረመል» ይሉታል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ተርጓሚው ቀለል አድርጎ «የዘር ልዩነት» ብሎ ቢጽፍ፣ በእኛ አገር አንባቢ ዘንድ የሚታሰበው የነገድና የጎሣ ልዩነት እንጂ በዝንቦች መካከል ያለ የበራሂ ልዩነት አይደለም። «የዘር ልዩነት ቢኖርም ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ያድጋሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር የፖለቲካ ንግግር ይመስላል፤ ስለ ሰው አካል በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከመምሰልም አልፎ ያሳስታል። ስለዚህ በዚህ ርእስ ላይ ዘወትር «በራሂያዊ ልዩነት» ይባል። ዴንማርካዊው ቪልሄልም ዮሐንሰን በ1909 የለያቸውን ሁለቱን ቃላትም፣ በውስጥ ያለውን «በራሂያዊ ይዘት»፣ በውጭ የሚታየውን «ገሃድ ባሕርይ» ብንላቸው ልዩነታቸው ግልጽ ይሆናል።

ጎረቤት ቃላትንም ድንበራቸውን ማስከበር ያስፈልጋል። «ሮበስትነስ» የሚባለው ሰፊው ቃል ነው፤ ፈር መያዝ የእርሱ አንድ ዓይነት ነው። «ጥንካሬ» ብንለው አንባቢ የማይሰበር፣ ክንደ ብርቱ ዘአካል ያስባል፤ አራት ፀጉር ያላት ዝንብ ግን በእጅ ጭብጨባ ትሞታለች። «የማይበገር» የሚለውም ተይዟል፤ ኢትዮጵያ በ2011 ያወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር» በሚል ከታወቀ ወዲህ ቃሉ ጉዳት ደርሶ ማገገምን የሚያመለክት ሆኗል። ማገገም ወድቆ መነሣት ነው፤ እዚህ የምንለው ግን ሲገፉት ውጤቱ ሳይለወጥ መቅረቱን ነው። «ጽናት» የሰው ቁርጠኝነትን ቢያስታውስም ለዚህ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል፤ «የዕድገት ጽናት» ይባል።

ተቃራኒው «ፕላስቲሲቲ» ነው፤ አንድ ዓይነት በራሂያዊ ይዘት በአካባቢው መሠረት ልዩ ልዩ ገሃድ ባሕርይ ማውጣቱ ነው። «ፕላስቲክነት» ቢባል ፌስታል ያስታውሳል። «ተለዋዋጭነት» ደግሞ ማናቸውንም ልዩነት ስለሚጠቀልል ድንበሩን ያጠፋል። እኛ «ተለማጭነት»ን እንመርጣለን፤ ልምጭ ሲጎብጥ አይሰበርም፣ ወደ ፈለገውም አይሄድም፤ በጎበጠበት በኩል ይጎብጣል። ለምሳሌ ንብን እንውሰድ። ከአንድ ዓይነት የዳበረ ዕንቁላል ሠራተኛም ንግሥትም ይወጣል፤ ልዩነቱ እጩ የሚመገበው ነው። በነገራችን ላይ የአገራችን ንብ አርቢ ንግሥቲቱን «አውራ» ይላታል፤ አውራ ደግሞ ወንድና አለቃ ነው፤ ስያሜው ስለ ጾታዋ ቢሳሳትም ስለ ሥልጣኗ ያለውን ግንዛቤ ጠብቋል። ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ ተለማጭነትና ፈር መያዝ በንብ ላይ ተጋጭተው አይገኙም። ምግቡ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ያስመርጣል፤ መንገዱ ከተመረጠ በኋላ ግን ሠራተኛዋ ሁሉ ሠራተኛ፣ ንግሥቲቱም ንግሥት ትሆናለች፤ መካከለኛ የሆነች በጣም አልፎ አልፎ ትታያለች። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ሁለቱን «ተቃራኒ» ብሎ ብቻ ማለፍ አይበቃም።

አንድ ግስ ሙሉ ንድፈ ሐሳብን እንዴት እንደሚገለብጥ የሚያሳየው ግን የሚከተለው ነው። ዋዲንግተን ገና ፑፓ የሆኑትን ዝንቦች ለአራት ሰዓት በ40 ዲግሪ ሴልሲየስ አሞቃቸው። ካደጉት መካከል አንዳንዶቹ በክንፋቸው ላይ የሚገኘው አግዳሚ ሥር ጠፍቶባቸው ተገኙ። እነዚህን እየመረጠ አራባ፤ የየትውልዱንም ፑፓዎች እንደዚያው እያሞቀ ምርጫውን ቀጠለ። ከዐሥር ከሚበልጡ ትውልዶች በኋላ፣ ጭራሽ ሳይሞቁ አግዳሚ ሥር የሌላቸው ዝንቦች መወለድ ጀመሩ። ይህን ያሳተመው በ1953 ሲሆን፣ በርእሱም ላይ «የተገኘ ባሕርይ» የሚል ሐረግ አስገብቷል። ሐረጉ ለተርጓሚ ወጥመድ ነው። «ሙቀቱ ያስገኘው ባሕርይ ወደ ልጆች ተላለፈ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ፣ ዐረፍተ ነገሩ ለአማርኛ ሰዋስው እንከን ባይኖረውም፣ ወላጅ በሕይወቱ ያገኘው ለልጅ ይተላለፋል የሚለውን ከላማርክ ስም ጋር የተያያዘ አስተምህሮ አስገብቷል። የሆነው ግን ሌላ ነው። አግዳሚውን ሥር የሚያዳክሙ በራሂዎች በዝንቦቹ ውስጥ ቀድመው ነበሩ፤ ባሕርይው ፈር ይዞ ስለ ነበር ግን አይታዩም ነበር። ሙቀቱ ፈሩን አስለቀቀ፤ ልዩነቱን ገለጠው፤ ምርጫው የተገለጠውን በራሂ አከማቸ፤ በበቂ ሲከማችም ሙቀቱ አላስፈለገም። እንግዲህ ትክክለኛው ግስ «አስገኘ» ሳይሆን «ገለጠ»፣ «ተላለፈ» ሳይሆን «ተከማቸ» ነው።

ዋዲንግተን ለዚህ ሂደት የሰጠው ስም በቃል በቃል ሲመለስ «በራሂያዊ ውሕደት» ይሆናል። የቋንቋ አጥኚ ይህን ሲያነብ አንድ ድምፅ ጎረቤቱን መምሰሉን ያስታውሳል፤ ሌላው ደግሞ የሕዝቦችን መዋጥ ያስታውሳል። እዚህ ማንም ማንንም አልመሰለም፤ አልተዋጠምም። እኛ «በበራሂ መርጋት» ብንለው ይሻላል እንላለን። ወተት ለመርጋት ሰዓትና ሙቀት ይፈልጋል፤ ከረጋ በኋላ ግን ሙቀቱ ቢነሣም ርጎ ነው።

በኋላ ዘመን ሱዛን ራዘርፎርድና ሱዛን ሊንድኲስት በ1998 ይህን ነገር ከአንድ ፕሮቲን ጋር አያይዘውታል። ሌሎች ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን እንዲይዙ የሚረዳው ኤች ኤስ ፒ 90 የተባለው ፕሮቲን ሲዳከም፣ በዝንቦች ዐይን፣ ክንፍና እግር ላይ ብዙ ዓይነት ለውጦች ታዩ፤ የለውጡም ዓይነት እንደ ዝንቦቹ የበራሂ መሠረት ይለያይ ነበር። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲኑን ከኤሌክትሪክ ዕቃ በተወሰደ ምሳሌ ኃይል አጠራቃሚ አሉት። በ1998 የቀረበው ይህ አተረጓጎም በ2010 በከፊል ተከራካሪ ገጥሞታል፤ ፕሮቲኑ ሲዳከም ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘሉ የዲ ኤን ኤ ክፍሎች ስለሚነቃቁ፣ ከለውጦቹ አንዳንዱ ተደብቆ የነበረ ሳይሆን አዲስ የተፈጠረ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። ለስያሜው «ቋት» እናቀርባለን፤ «የመረጃ ቋት» ከተለመደ ወዲህ ቃሉ ከወፍጮ ቤት ወጥቷል። የተከማቸውን ልዩነት ግን «ኅቡእ ልዩነት» ከማለት «ስውር ልዩነት» ማለት ይመረጣል፤ ኅቡእ የሚለው ቃል በፖለቲካ ድርጅቶች ታሪክ ውስጥ ብዙ ስለ ኖረ፣ ሆነ ብሎ የተሸሸገ ያስመስላል።

ሁለት ትንንሽ ቃላት ቀርተዋል። በሕዋስ ውስጥ የሚታየው የሞለኪውሎች የዘፈቀደ ከፍና ዝቅ ማለት በእንግሊዝኛ በ«ጫጫታ» ስም ይጠራል፤ በአማርኛ ጫጫታ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ «የዘፈቀደ መዋዠቅ» ይባል፤ መዋዠቅን የገበያ ዋጋም የኤሌክትሪክ ኃይልም አስለምደውናል። ዋዲንግተን በ1957 ከሁለት የግሪክኛ ቃላት ያበጀውና «የግድ የሚሄዱበት መንገድ» የሚል ፍቺ ያለው «ክርዮድ» ደግሞ ከእርሱ መጻሕፍት ውጭ ብዙ አልተስፋፋም፤ እርሱን በድምፁ እንዳለ ጽፎ «የፈሩ መሥመር» በሚል ፍቺ ማስከተል ይበቃል።